ዓባይ በረሃን በብስክሌት ለመውረድ ለሚያስቡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ብስክሌት ላይ ጓዝ ጭኖ አገር ስለማየት የሚያወሱ ጽሑፎች በጉዞ ዓምዶች ላይ አልፎ አልፎ ይነበባሉ። ደግ ነገር ነው። የማይዋጥልኝ ግን ሁሉም የሚያወሩት ስለ ዳገቱ መሆኑ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ጉልበት እንዴት እንደሚከዳ፣ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያጥር። ዳገቱን የጨከነ ይወጣዋል፤ የደከመው ወርዶ ይገፋል። በአገራችን ተራሮች ላይ ብስክሌተኛ ክፉኛ የሚጎዳው ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ ለቁልቁለቱ ብሎ የሚዘጋጅ ግን እምብዛም አይታይም። ብዙ ሰው የሚመኘውን የጎጃም መንገድ፣ በተለይም ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን ዓባይ በረሃ ይዤ ጥቂት ልበል።

ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱ ሰላም ነው። እሱ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ከወር በፊት የተሰማ ወሬ አያገለግልም። መንገዱን የሚመላለሱ የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌሮችን በዚያው ሰሞን መጠየቅ ነው፤ እነሱ ካመነቱ ጉዞውን ማቆየት።

ጎሐ ጽዮን ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋም 2,500 ሜትር ግድም ነው። ከዚያ ወንዙ ድረስ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን ድልድዩ ጋ ሲደረስ ከፍታው ከ1,100 ሜትር በታች ይወርዳል። በአማካይ 7 በመቶ ቁልቁለት ማለት ነው፤ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር። ከአስመራ ምጽዋ ባሕር ዳርቻ ድረስ በ115 ኪሎ ሜትር ውስጥ 2,300 ሜትር ያህል ይወረዳል፤ አማካዩ 2 በመቶ ነው። እዚያ የለመደ ሰው እንኳ ዓባይ ላይ ሌላ ነገር ይገጥመዋል።

ሰውየው፣ ብስክሌቱና ጓዙ ተደምረው 100 ኪሎ ናቸው እንበል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት 4 ሊትር ተኩል ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ነፋሱ ይወስደዋል። የቀረው በሙሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ ያም ማለት ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ፣ ወይም ዲስክ ፍሬን ከሆነ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጡ ሁለት ዝርግ ብረቶች ላይ።

ብዙ ሰው «ቀስ ብዬ ነው የምወርደው» ብሎ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ሳይለቅ እንደያዘ በሰዓት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከሁሉ የከፋው አወራረድ ይኸው ነው። በ7 በመቶ ቁልቁለት በዚህ ክብደት ሲሰላ ፍሬኑ ላይ በየሰከንዱ የሚያርፈው ሙቀት ጫፍ የሚደርሰው ልክ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ነው፤ ወደ 350 ዋት ይሆናል። በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግማሹ ብቻ ነው። በ45 ደግሞ ነፋሱ አብዛኛውን ስለሚሸከም ወደ 200 ዋት ዝቅ ይላል። ስለዚህ ወይ እውነተኛ ቀስታ ነው ወይ ለቀቅ እያደረጉ መውረድ ነው የሚያዋጣው፤ መሃሉ ነው የሚያቃጥለው።

ዓባይ በረሃ ግን በ45 የሚወረድበት መንገድ አይደለም። ከባድ መኪኖች በሙቀት የለሰለሰውን አስፋልት ፍሬን እየያዙ ስለሚሄዱበት በብዙ ቦታ ተሰርጉዶ እንደ ቦይ ሆኗል፤ የቦዩ ዳርም ወደ ላይ ተቆልሏል። መሬቱ ራሱ ስለሚንሸራተት የተጠገነው ቦታም ተመልሶ ይሰነጠቃል። የመኪና ጎማ ይህን አይቆጥረውም። የብስክሌት የፊት ጎማ ግን ቦዩ ውስጥ ከገባ በኋላ መሪውን በትንሹ አዘንብሎ ለመውጣት ሲሞከር የቦዩ ዳር ጎማውን ይይዘውና ሰውየው በጎኑ ይወድቃል። መሻገር ካስፈለገ ፍጥነት ቀንሶ ዳሩን በሰፊ ማዕዘን ቆርጦ መሻገር ነው እንጂ ጎን ለጎን እየተጠጉ መውጣት አይቻልም።

አወራረዱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ቀጥ ባለውና አስፋልቱ ደህና በሆነበት ቦታ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ለቆ ደረትን ቀና አድርጎ ነፋስ መቀበል፤ ኩርባው ሳይደርስ ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርጎ ለሦስትና ለአራት ሰከንድ ይዞ ፍጥነቱን ወደ 15 ማውረድ፤ ከዚያ ለቆ መታጠፍ። ኩርባው ውስጥ ገብቶ ፍሬን መያዝ፣ በተለይ ጠጠር ካለ፣ ጎማውን ያንሸራትታል። በየ4 እና በየ5 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ለቆ ቆሞ 10 ደቂቃ ማብረድ። ቸርኬውን በጣት መንካት አያስፈልግም፤ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ሲደረግበት ጭስ ብሎ ከተነነ እረፍቱ ይርዘም። ዲስክ ፍሬን ላይ ግን ውሃ አይፈስበትም፤ የጋለ ዲስክ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል። ልምድ የሌለው ሰው ደግሞ በ10 ኪሎ ሜትር እየወረደ ቶሎ ቶሎ ይቁም። ከሁለት ሰዓት በላይ ቢፈጅበት ምን ይጎድልበታል?

የፊቱን ፍሬን መፍራት ሌላው ችግር ነው። «በፊት ከያዝክ ትገለበጣለህ» እየተባለ ስላደግን ብዙዎች የኋላውን ብቻ ይዘው ይወርዳሉ። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ አብዛኛውን ሥራ መሥራት የሚችለው የፊቱ ነው። የኋላው ብቻ ሲያዝ ሙቀቱ ሁሉ አንድ ቸርኬ ላይ ይከማቻል፤ ጎማውም በቀላሉ ይንሸራተታል። ሁለቱን አብሮ መያዝ፣ ለፊቱ ትንሽ አብልጦ፣ ሰውነትን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ።

ሙቀቱ ሲበዛ ምን ይበላሻል? ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ግለቱ ወደ ጎማው አየር ይተላለፋል። ጎሐ ጽዮን ላይ በ20 ዲግሪ 3 ባር ተኩል (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ጎማ አየሩ 60 ዲግሪ ቢጨምር ከ4 ባር ያልፋል። አዲስ ጎማ ይህን ይችለዋል፤ ጠርዙ የላላ አሮጌ ጎማ ግን ከቸርኬው ወጥቶ ይፈነዳል። ጎማው የተለጠፈበት ማስቲሽም ይለሰልስና ልጥፉ ይነሳል። ስለዚህ ለቁልቁለቱ ያልተለጠፈ የውስጥ ጎማ ይገባል፤ የተለጠፈው ለዳገቱና ለሜዳው ይሁን። በዘይት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ላይ ደግሞ ዘይቱ ከጋለ አረፋ ይሠራና መያዣው ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ መሪው ይገባል። ያኔ ቆሞ ማብረድ እንጂ ደጋግሞ መሳብ አያድነውም። በካቦ የሚሠራው ይህ ችግር የለበትም፤ ነገር ግን ዲስኩን የሚይዘው የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ካቦውን ማጥበቅ ስለሚፈልግ በየማብረጃው መታየት አለበት። ለእንዲህ ያለ ጉዞ እኔ በካቦ የሚሠራውን እመርጣለሁ፤ ቢበላሽ በየትኛውም ከተማ በመፍቻ ይስተካከላል።

ከመነሳት በፊት ቸርኬው ይታይ። ያገለገሉ ብስክሌቶች ላይ ቀለሙ ያማረ ሆኖ ቸርኬው ያለቀ ብዙ ነው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ቸርኬው ጎን ላይ ሲጋደም በመሃል ብርሃን የሚያሳይ ጉድጓድ ካለ ብረቱ ተበልቷል፤ በሙቀትና በአየር ግፊት መሃል ለመሃል ሊቀደድ ይችላል። ነጭ ቀለም የተለቀለቀ የሚመስለው አብረቅራቂ የብረት ቸርኬ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ፍሬን የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በእንዲህ ያለው ብስክሌት ዓባይን መውረድ አይመከርም። የፍሬን ጎማዎቹ ላይ ያሉት መስመሮች ከጠፉ ይለወጡ። ውስጣቸው ተሰክቶ የሚያብለጨልጭ የብረት ፍንካች ካለ በመርፌ ይውጣ፤ ካልወጣ ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ካቦው የሚበጠሰው መያዣው ጋ ካለችው ራሱ ሥር ነው፤ እዚያ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ከታየ ካቦው ይለወጥ። መጠባበቂያ የሚያዘው ረጅሙ የኋላ ካቦ ነው፤ ለፊትም ያገለግላል።

ስለ ጎማ። ለኛ አገር መንገድ 26 ኢንች ቸርኬ ከ1.75 እስከ 2 ኢንች ስፋት ካለው ጎማ ጋር ይበቃል። 26 የሚመረጠው የውስጥ ጎማው በትናንሽ ከተሞችም የማግኘት ዕድሉ ስለሚሰፋ ነው። ቫልቩ እንደ መኪናው ወፍራም ይሁን፤ ቀጭኑ ዓይነት ጎሚስታ ጋ አይሠራም። ጎሚስታ ቤት ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ኮምፕሬሰሩ የአይሱዙ ጎማ የሚሞላ ነው፤ የብስክሌት ጎማ የሚፈልገው አየር ጥቂት ሊትር ብቻ ስለሆነ ሠራተኛው ጫፉን ሰክቶ ለአፍታ ዞር ሲል ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ይፈነዳል። «ትንሽ ትንሽ፣ እየነቀልክ» ማለት፣ ጎማውን በእጅ ጨበጥ እያደረጉ ጠርዙ ዙሪያውን እኩል መቀመጡን ማየት፣ የመጨረሻውን በራስ ፓምፕ መጨረስ። ከኋላ 3 ባር ተኩል፣ ከፊት 3 ባር ጥሩ መነሻ ነው።

በረሃው ውስጥ የግራር እሾህ አለ። እሾሁ ጫፉ ተሰብሮ የውጭ ጎማው ውስጥ ስለሚቀር ጎማው በተለወጠ በ10 ደቂቃ ውስጥ ድጋሚ ይተነፍሳል። አዲሱ ከመግባቱ በፊት የውጭው ጎማ ውስጡ በጨርቅ ይዳበስ፤ ጨርቁ የሚያዝበት ቦታ እሾሁ አለ። ሲለጠፍ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ 5 ደቂቃ ያህል ጠብቆ መጫን ነው። ልጥፍ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ማስቲሹ እርጥብ እያለ በችኮላ ስለሚለጠፍ ነው።

የኋላ ቸርኬ ሽቦ መበጠስ የጭነት ብስክሌት ዋና በሽታ ነው። የሚበጠሰው ደግሞ ሰንሰለቱ በሚዞርበት ጥርስ በኩል ያለው ነው። ምክንያቱ ከመጠን በላይ መጥበቁ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ መላላቱ ነው፤ የላላ ሽቦ በእያንዳንዱ ዙር እየተሳበና እየተለቀቀ አንገቱ ላይ ይደክማል። ሽቦዎቹ በጥፍር ሲመቱ በአንድ ጎን ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ድምፅ ማውጣት አለባቸው፤ ድፍን ድምፅ ያለው ላልቷል። ከኋላ 36 ሽቦ ያለው ቸርኬ ይመረጥ። መጠባበቂያ 4 ሽቦ ተይዞ የኋላውን ጥርስ የሚፈታው ቁልፍ ካልተያዘ ግን ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ ስለማይገኝ ዋጋ የለውም። ይህን ቁልፍ ረስቶ የሚሄደው ሰው ብዛት ያስገርማል።

ጭነቱ በሙሉ ከኋላ ፖርቶመጋላ ላይ ሲቆለል የፊቱ ጎማ ይቀልና ቁልቁለት ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ከጎማው ግራና ቀኝ ይንጠልጠል፤ ከተቻለ ሲሶው ወደ ፊት ይሂድ። የፖርቶመጋላው ብሎኖች በንዝረት ስለሚፈቱ ጥርሳቸው ላይ የጥፍር ቀለም ተቀብቶ ይጥበቅ፤ ተመሳሳይ ብሎን አራት አምስት ይያዝ። አንዱ ብሎን ወድቆ ፖርቶመጋላው ወደ ሽቦው ከተጠጋ የኋላው ጎማ በአንድ ጊዜ ይቆማል።

አሁን ወደ ማዶው ዳገት። ድልድዩ ጋ ጥበቃ ስላለ ካሜራ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ነው። በጃፓን ድጋፍ የተሠራው አዲሱ ድልድይ በ2008 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ መኪናው የሚያልፈው በእሱ ላይ ነው። ከዚያ ደጀን ድረስ እንደገና ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ። እዚህ ላይ ማርሽ ይወስናል። ከፊት ትንሿ 28 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቋም 28 ከሆነች ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ 2 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ሲዞር ፍጥነቱ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ለዚህም 150 ዋት ያስፈልጋል። ይህን በበረሃ ሙቀት ለሦስት ሰዓት የሚችል ተራ ሰው አይገኝም፤ ስለማይችል ፔዳሉን በደቂቃ 40 እያዞረ በጉልበቱ መገጣጠሚያ ይከፍላል። ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ሲሆን ግን በዚያው አዟዟር ፍጥነቱ 5 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ጉልበቱም 100 ዋት ነው። አራት ሰዓት ያልፋል እንጂ ይወጣል። ለመግዛት ሲታሰብ ደንቡ ቀላል ነው፤ የፊቷ ትንሿ ከኋላዋ ትልቋ ያነሰ ጥርስ ይኑራት። የማርሹ ብዛት 21 ነው 24 ነው የሚለው የሻጭ ወሬ ነው። ወርዶ መግፋትም ነውር የለውም፤ በሰዓት 3 እና 4 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ሰዓቱ ከማርሹ እኩል ነው። ጎሐ ጽዮን አድሮ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቁልቁለቱን ቢጀምሩ 2 ሰዓት ድልድዩ ጋ ይደርሳሉ፤ ፀሐዩ ሳይበረታም ግማሹ ዳገት ይያዛል። ጎሐ ጽዮን ምሳ በልቶ መውረድ ግን ዳገቱን በ9 ሰዓት ፀሐይ መጀመር ነው፤ ከድልድዩ ወዲያ ሲመሽም ማደሪያ የሚባል የለም። ቆላው የወባ አገር ስለሆነ እዚያ ድንኳን መትከልም አይመከርም። ወሩ ከጥቅምት እስከ ጥር ይሁን። ክረምት ላይ ናዳ፣ ጭቃና ጉም አለ፤ ከየካቲት በኋላ ሙቀቱ ይከፋል።

ውሃ ከድልድዩ በፊት በነፍስ ወከፍ 5 ሊትር ይያዝ። ዳገቱ ላይ በሰዓት 1 ሊትር ያህል በላብ ይወጣል፤ ውሃ ብቻ እየጠጡ ጨው አለመተካት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ከፋርማሲ የሚገዛው የተቅማጥ ዱቄት፣ ኦአርኤስ፣ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ተበጥብጦ ይጠጣል። ከሌለ ለ1 ሊትር ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ልኩን ብቻ ይሞላ። ከምንጭ የተቀዳ ውሃ ደጋው ላይ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከፍታ ላይ ውሃ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ለስንቅ በሶን የሚያህል የለም፤ በስኳርና በውሃ ተበጥብጦ እየሄዱ ይጠጣል። ብስኩትና ሙዝ ከብስክሌቱ ላይ ተንጠልጥሎ ከታየ ዝንጀሮዎቹ ይቀድማሉ።

መኪናውን በተመለከተ፣ ሲኖትራክና ተሳቢ ቁልቁለቱን የሚወርዱት በከባድ ማርሽ በዝግታ ነው፤ ብስክሌቱ ይደርስባቸዋል። የሚቃጠል ሸራ ሽታ ከመጣ ያ መኪና ፍሬኑ ግሏል ማለት ነውና ከፊቱም ከኋላውም መሆን አያስፈልግም፤ መንገዱን ለቆ አሳልፎ 10 ደቂቃ መቆየት፤ ለራስ ቸርኬም ማብረጃ ይሆናል። ኩርባ ላይ በውስጥ በኩል ለማለፍ መሞከር ግን ሞት ነው፤ ተሳቢው ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ይቆርጣል። መንገድ ዳር የሚሮጡ ልጆችን በተመለከተ ደግሞ ፍጥነት ቀንሶ አስቀድሞ ሰላምታ መስጠት ከመሸሽ ይሻላል፤ የሚሸሽ ብስክሌት ለልጅ ጨዋታ ነው።

በደሴ መንገድ ላይ ስላለው ጣርማ በርም ባጭሩ። ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ወደ 1,900 ሜትር ይወረዳል። አማካዩ ከዓባይ ቢያንስም ቁልቁለቱ ይረዝማል። የጣሊያን ዋሻ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የኋላ ቀይ መብራት የሌለው ብስክሌት እዚያ አይገባም፤ ውጭውም ብዙ ጊዜ ጉም ነው። እዚያ ያለው ችግር ብርድ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በጉም ውስጥ በነፋስ ሲወረድ ጣት ይደነዝዝና ፍሬን መያዝ ያቅታል። የሱፍ ጓንት ከላይ የላስቲክ ጓንት ተደርቦበት ይበቃል።

ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። የብስክሌት ጉዞ ጽሑፍ ስታወጡ ከፎቶው ሥር ሦስት ቁጥር ጨምሩ፤ የመነሻውና የመድረሻው ከፍታ፣ በመካከላቸው ያለው ኪሎ ሜትር፣ እንዲሁም ከአንዱ ውሃ የሚገኝበት ቦታ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት። የሊማሊሞን መንገድ ከደባርቅ እስከ ዛሪማ በብስክሌት የሚያውቁ አንባቢዎች ካሉም በዚሁ መልክ ቢጽፉልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የብስክሌት ጥገና ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ